«ሂጂ ነው ያለው»

ተናድጄ ነው የምጽፍላችሁ። ብዙ ሰው ገጠመኙን የሚጽፈው ነገሩ ካለፈ፣ ልቡም ከረጋ በኋላ ነው። የእኔ ግን አልረጋም፣ እንዲረጋም አልፈልግም። ከንዴቱ ትልቁ ድርሻ የራሴ ነው፤ የተረፈውን ለማን እንደማካፍለው እያነበባችሁ ስትሄዱ ታዩታላችሁ።

በጦርነቱ ጊዜ መርሳ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። የጎጃም ልጅ ነኝ። ሀብሩ ወረዳ ስመደብ ለአንድ ዓመት ብዬ መጥቼ ሰባት ዓመት ከረምኩ። የምኖረው በእትዬ ዘሃራ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበር። እትዬ ዘሃራ ሃምሳውን አልፈዋል፣ ቀልደኛ ናቸው፣ ሰው ሲዋሽባቸው ግን አይወዱም። ባለቤታቸው አያ ይመር የማሽላ ነጋዴ ሲሆኑ የስኳር በሽታ ስላለባቸው በቀን ሁለቴ መርፌ ይወጋሉ። እንደ ልጃቸው ነበር የያዙኝ። ወጥ ሲሠራ ድርሻዬ ይቀመጣል፣ ሳመሽ ደግሞ ይቆጡኛል።

በሰፈሩ የታወቅኩት በቋንቋ ነው። ከክፍሌ በር ጀርባ «ከመሞቴ በፊት የምማራቸው» የሚል ወረቀት ለጥፌ ነበር። ፈረንሳይኛ፣ ዓረብኛ፣ ቻይንኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ስፓኒሽ፣ ፋርስኛም ሳይቀር ተጽፏል። ፋርስኛን ለምን እንደጻፍኩት እስካሁን አይገባኝም። ከሁሉም የጨበጥኩት ፈረንሳይኛ እስከ ሃያ መቁጠርና የዓረብኛን ፊደል ነው፤ እሱንም እትዬ ዘሃራ እየሳቁብኝ አርመውኝ ነው። ለቀሩት ሁሉ መልሴ «ጊዜ ሳገኝ» ነበር። ሰፈሩ ግን ወረቀቱን አይቶ «መምህር ሰባት ቋንቋ ያውቃል» አለ። እኔም ይህን ስሰማ አላስተባበልኩም፤ ፈገግ ብዬ አልፍ ነበር። ይቺ ፈገግታ ምን እንዳስከተለች ልነግራችሁ ነው።

አጥር ለአጥር የምትጎራበተን ለተብርሃን የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ትግራይ ተወልዳ መርሳ ያገባች፣ ባሏን እዚሁ የቀበረች፣ የከተማውን ሴት ሁሉ ጅልባብ የምትሰፋ ሴት ናት። አንድ ቀን የሱሪዬን ዚፕ እየቀየረችልኝ ስለ ወረቀቱ ሰማች መሰለኝ፣

«መምህር፣ ትግርኛ አለበት ዝርዝርህ ላይ?» አለችኝ።

«ኧረ የለበትም።»

«ላስተምርሃ! ማታ ማታ ሥራ የለኝም። ለአንተ ለአንድ ክረምት ነው፣ ከዚያ አያልፍም።»

«ትግርኛማ እዚሁ ነው፣ የት ይሄዳል? ሩቅ ሩቁን ላስቀድም» ብዬ ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ኦሮምኛም፣ አፋርኛም እዚሁ ናቸው፣ እነሱንም አልጻፍኳቸውም። ከጎረቤቴ የምማረውን ንቄ ፓሪስ ልገባ ነበር፤ ፓስፖርት እንኳ አልነበረኝም።

ጦርነቱ ወልድያን አልፎ ወደ እኛ ሲመጣ መርሳ በአንድ ቀን ተነቅላ ወጣች። እኛ አያ ይመርን በአህያ ጭነን ግራና ከዘመድ ቤት ገባን። ለተብርሃን አልወጣችም። «እኔ ቤት እጠብቃለሁ፣ እናንተ ሂዱ» አለች። በጥድፊያው የአያ ይመርን መርፌ ግማሹን ትተን ወጥተናል። ፍሪጅ ስለሌለ የመድኃኒቱ ብልቃጦች በፌስታል ታስረው ውሃ የሞላ ገንቦ ውስጥ ነው የሚቀመጡት። እትዬ ዘሃራ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ለተ፣ የገንቦውን ውሃ ቀይሪልኝ፣ እንዳይሞቅ!» ሲሉ ሰምቻለሁ።

ይዘን የወጣነው ብልቃጥ ያለቀው ግራና በገባን በሦስተኛው ሳምንት ነው። አያ ይመር ውሃ አልጠግብ አሉ፤ ቀጥሎ ማስመለስ፣ ቀጥሎ መፍዘዝ መጣ። የት ይገዛል? ፋርማሲ የሚባል ነገር ተዘርፎ አልቋል። እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሱ።

«መርሳ ሄጄ ከገንቦው አመጣለሁ። ሴት አይነኩ ይሆናል። ግን በቋንቋቸው ሲጮሁብኝ ምን ብዬ ልመልስ? አንተ ቋንቋ አዋቂ ነህ፣ እስከ ድልድዩ ሸኘኝ።»

እዚህ ላይ «እትዬ፣ ትግርኛ አላውቅም» ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ናት።

«አብረን እንሄዳለን። ያን ያህል አይከብድም፣ ከአማርኛ ጋር ይቀራረባል» አልኳቸው።

ጎህ ሲቀድ ተነስተን ረፋድ ላይ ከመርሳ መግቢያ ድልድዩ ጋ ደረስን። ክረምት ስለሆነ ወንዙ ሞልቶ ይጮሃል። ከድልድዩ ወዲህ በኩል መንገዱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ ከገመዱ አጠገብ አንድ ጠብመንጃ የያዘ ወጣት ቆሟል። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ድንጋይ ከምረው ከኋላው የተቀመጡ ሌሎች ታጣቂዎች ይታያሉ። እትዬ ዘሃራ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቁርኣን እየቀሩ ነበር።

ወጣቱ «ናበይ?» አለን።

እትዬ ዘሃራ እኔን አዩኝ።

«ወዴት ነው የሚለው» አልኳቸው። ገምቼ ነው፣ ግምቴም ልክ ነበር። ምነው ያኔ በተሳሳትኩ! ገና ከገመዱ ወዲህ ቆመን ብሳሳት ኖሮ ማንም አያምነኝም ነበር። እትዬ ዘሃራ ግን ፊታቸው በራ። «ወላሂ፣ ይኼንንም ያውቃል!» አሉ።

ለወጣቱ «መድኃኒት፣ የስኳር፣ ቤት ውስጥ ያለ» እያልኩ በእጄም በአፌም አስረዳሁት። መድኃኒት የሚለው ቃል ገባው መሰለኝ፣ ቆዩ የሚል ምልክት አሳይቶን ወደ ድልድዩ መሀል ሄደ። በሬዲዮ ተነጋገረ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረና እጁን አወዛውዞ ጮኸ፦

«ሕጂ ኣይኮነን!»

የወንዙ ጩኸት ግማሹን ዋጠው። እኔ የሰማሁት «ሂጂ» የሚለውን ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ንዴት። ይህ ልጅ ለእናቱ እኩያ ሴት አንቱታ እንኳ ሳይሰጥ «ሂጂ» ይላል? ልቤ የያዘው አንቱታውን ነው። ቃሉ በእሱ ቋንቋ ምን ይሆን ብዬ አልጠረጠርኩም። «አይኮነን» የሚለውን ደግሞ ከራሴ አማርኛ ጋር አጣበቅኩት፤ ማንም አይኮነንም፣ ጥፋት የለውም ማለቱ ነው ብዬ ተረጎምኩ።

«ምን አለኝ?» አሉ እትዬ ዘሃራ።

«ሂጂ ነው ያለው። ይለፉ፣ ችግር የለም ነው የሚለው።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው ከገመዱ ስር ጎንበስ ብለው አለፉ።

ወጣቱ ሲያያቸው ደነገጠ። ሁለት እጁን አንስቶ «ደው በሊ! ደው በሊ!» አለ። እትዬ ዘሃራ እግራቸውን ገታ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«አሁንስ ምን ይላል?»

አላውቅም ነበር። ከልቤ አላውቅም ነበር። ጊዜ ደግሞ አልነበረም፤ ሴትዮዋ መሀል መንገድ ላይ ቆመው አፍ አፌን ያያሉ። «በሊ» የምትለዋ «በይ» መሰለችኝ።

«ቶሎ በይ ነው መሰለኝ» አልኩ።

እትዬ ዘሃራ ነጠላቸውን ሰብስበው ሮጡ።

ተኩሱ ከማዶ ነው የመጣው፣ ሁለት ጊዜ። እትዬ ዘሃራ በጉልበታቸው ተንበረከኩ፣ ከዚያ በጎናቸው ወደቁ። ወጣቱ ወደ ማዶ «ኣይትተኩሱ!» እያለ ሲጮህ፣ እኔ በገመዱ ስር ሾልኬ ስሮጥ እኩል ደረስን። ጭናቸውን ነበር የተመቱት። ደሙ አስፋልቱ ላይ ይሰፋል። ልጁ የአንገቱን ጨርቅ ፈትቶ ከቁስሉ በላይ ጠምጥሞ አሰረላቸውና ቀና ብሎ በአማርኛ፣ አዎ በአማርኛ፣ ጮኸብኝ፤ ለ«ናበይ» ስመልስለት ትግርኛ የምሰማ መስሎት ኖሯል።

«ምንድን ነው የነገርካት አንተ? ‹አሁን አይደለም› አልኩ! መኪና እያለፈ ነው፣ አሁን አይደለም! ሕጂ ማለት አሁን ነው! ቁሚ አልኩ፣ ቁሚ!»

ከዚያ በሰደፍ ደረቴን መታኝ። የሚገባኝን ያህል እንኳ አልመታኝም።

በማዶ ያለው ተኳሽ ግን አልመጣም። አሁንም ሳስበው የምቃጠልበት ነገር አለ፤ ከድንጋዩ ኋላ ሆኖ ማንን እንደመታ ለማየት አንገቱን ቀና አላደረገም። ነጠላ የለበሰች ሴት ወደ እሱ ስትሮጥ ምን ትመስለው ነበር? ታንክ? የእኔ ስህተት እሱን አያነጻውም። ይህን እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምለው፣ ወደ ፊት ስለምፈልገው ነው።

ከወጣቱ ጋር በቃሬዛ ወስደን ከለተብርሃን ቤት አስተኛናቸው። አንዲት ከከተማው ሳትወጣ የቀረች ነርስ ባላት ነገር ቁስላቸውን አጠበችላቸው። ለተብርሃን የእኛን ግቢ ከፍታ ገባችና ብልቃጦቹን ከገንቦ አውጥታ አመጣች። ቀዝቃዛ ነበሩ፤ በየቀኑ ውሃውን ስትቀይር ከርማለች። በማግስቱ ወደ ግራና የምትመለስ ሴት ፈልጋ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ሰደደቻቸው። አያ ይመር ተረፉ።

እኔ ግን በዚያች ማታ ሁለተኛውን ጥፋት ሠራሁ። እትዬ ዘሃራ ትኩሳት እያንገበገባቸው እጄን ይዘው «መምህር፣ ሂጂ ብሎ ነው አይደል ያስመታኝ?» አሉኝ። እኔ «አዎ» አልኩ። ይህን ብቻ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ያቺ «አዎ» አፋፉን ተሻግራ የት እንደምትደርስ አላሰብኩም። የማስበው እኔን እንዳይጠሉኝ ብቻ ነበር።

ከወራት በኋላ ታጣቂዎቹ ወጡ፣ የሸሸው ሁሉ ተመለሰ። ሰው ቤቱ ተዘርፎ፣ ከብቱ ታርዶ፣ ዘመዱ ሞቶ ነው የተመለሰው፤ ንዴቱ የእውነት ነበር። ያንን ንዴት የሚሸከም ወሬ ደግሞ እኔ አዘጋጅቼለት ጠበቅሁት። «እትዬ ዘሃራን ሂጂ ብለው ተኮሱባት» የሚለው በሳምንት ውስጥ «ሂጂ ብለው ከኋላዋ መቱዋት» ሆነ። ጥይቱ ከፊት ነበር የገባው። በየገበያው፣ በየሐዘን ቤቱ ተወራ። ሲሪንቃ የሚኖር ባልደረባዬ ታሪኩን ለእኔው ለራሴ መልሶ ነገረኝ። አንገቴን ነቀነቅሁለት።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የሰፈሩ ጎረምሶች የለተብርሃን በር ላይ ተሰበሰቡ። ጩኸቱን ሰምተን እትዬ ዘሃራ ከተኙበት በረንዳ፣ አያ ይመርም እኔም ከየክፍላችን አጥሩ ጋ ወጣን።

«ሁሉ ሲሰደድ እሷ ለምን ቀረች? የማንን ቤት ስትጠብቅ ነበር?» ይላል አንዱ።

«እትዬ ዘሃራን ሂጂ ብለው አታለው ነው የመቱ! የእሷ ወንድሞች ናቸው! ትውጣልን!» ይላል ሌላው።

ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ አረፈ። ቀጥሎ የስፌት መኪናዋን ከበረንዳ ጎትተው ሲጥሉት ሰማሁ፤ ብረት ድንጋይ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ። አያ ይመር «ተው ልጆች! አላህን ፍሩ! መርፌዬን ያቆየችልኝ እሷ ናት!» አሉ። ሰሚ አላገኙም። አንዱ ዞሮ «አንቱ አያ ይመር፣ ባለቤትዎን ይዩ!» አላቸው። የእትዬ ዘሃራ እግር ማስረጃ ሆኖ ነበር። ማስረጃውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አጥሩን ዘልዬ መሀላቸው ቆምኩ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ጀግንነት ቢኖረኝ ወራት አልቆይም ነበር።

«ሂጂ አላለም!» አልኩ። «‹ሕጂ ኣይኮነን› ነው ያለው፤ በእነሱ ቋንቋ አሁን አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎ ቁሚ አላት። ሂጂ ያልኩት እኔ ነኝ። ሩጪ ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ከጎረምሶቹ አንዱ፣ ያውም ተማሪዬ የነበረ፣ «መምህር፣ ጠበቃ ልትቆምላቸው ነው?» አለኝ።

«ጥይቱ የእነሱ ነው!» ብዬ ጮህኩበት። «መድኃኒት ልትወስድ በመጣች ሴት ላይ ተኩሰዋል፣ ያንን ማንም አያጥበውም። ቃሉ ግን የእኔ ነው። የለተብርሃን ምኑ ነው? ቃልም ጥይትም የላት! ውሃ ነው የቀየረችው!»

ያኔ ነው ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ ዘሃራ ድምፅ የመጣው። በምርኩዝ ተነስተው ቆመዋል።

«ያቺን ልጅ ጥሯት» አሉ።

ለተብርሃን ከቤቷ ወጣች። ክር ልብሷ ላይ ተጣብቋል። ሰዎቹን ሳታይ ቀጥ ብላ አጥሩ ጋ ሄደች።

«ለተ፣ ሕጂ ምን ማለት ነው?»

«አሁን።»

«ኣይኮነንስ?»

«አይደለም።»

«ደው በሊስ?»

ለተብርሃን «ቁሚ» አለች።

እትዬ ዘሃራ ምርኩዛቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መቱ። «ስንት ዓመት አጥር ለአጥር ኖረን፣ ልብሴን ሁሉ ሰፍተሽ፣ አንዲት ቃል ጠይቄሽ አላውቅም» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ምነው በሰደቡኝ።

«አንተስ መምህር፣ አላውቅም ማለት ምን ይከብድ ኖሯል?»

ጎረምሶቹ አንድ በአንድ ተበተኑ። የስፌት መኪናውን ቀና ያደረገ የለም፣ ይቅርታ ያለም የለም። አንዱ እንዲያውም ሲሄድ «ያም ሆነ ይህ…» ሲል ሰማሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። በዚያ ሳምንት ክፍሌን ለቅቄ ሌላ ቦታ ተከራየሁ። እትዬ ዘሃራ አላባረሩኝም፤ ልጠይቃቸው ሄጄ ደጃፋቸው ላይ ስቀመጥ ግን ድሮ እንደሚያወሩኝ አያወሩኝም፣ ወጥም አይቀመጥልኝም። እስከ ዛሬ ያነክሳሉ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደ እኔ የቋንቋ ፍቅር አለን የምትሉ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሁሉንም ቋንቋ ለመማር ዕድሜ አይበቃም፤ እኔም ይህን ሰበብ ሳደርግ ኖሬአለሁ። ውሸቴን ግን አይደለም፣ እውነት አይበቃም። ማንም ቻይንኛ አልቻልክም ብሎ አይከስህም። ነገር ግን ያላወቅነውን እንደምናውቅ የምንሆነው ለምንድን ነው? ከአማርኛ ጋር ይቀራረባል እያልን የሰው ቃል ከአፉ ነጥቀን በራሳችን ትርጉም የምንሞላውስ? ስታስቡት ይህች አገር በዚህ በሽታ ስንት ሰው አጥታለች። ሁሉም አጠገቡ ያለውን የተረዳ ይመስለዋል፤ ሁሉም «ሂጂ ነው ያለው» ይላል። ያን ዕለት ድልድዩ ላይ ሲጮህ የነበረው ልጅ ቢያንስ የእኔን ቋንቋ ተምሯል። የእሱን ለመማር እኔ ሰባት ዓመት ነበረኝ፤ አስተማሪዋም ከአጥሩ ማዶ ተቀምጣ ነበር።

ለተብርሃን ከዚያች ዓርብ በኋላ መርሳ ሁለት ሳምንት ነው የቆየችው። ደሴ ያለች ልጇ ጋ ልትሄድ ዕቃዋን አሰረች። እውነቱ ወጥቶ፣ ሁሉ ሰምቶ፣ ግን ልብስ የሚያሰፋ ሰው አልመጣላትም። መናኸሪያ ድረስ ፌስታሎቿን ይዤ ሸኘኋት። አውቶቡሱ ሞተር አስነሳ። በመጨረሻ፣

«ለተብርሃን፣ በትግርኛ ይቅርታ አድርጊልኝ እንዴት ይባላል?» አልኳት።

እግሯን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ እንዳደረገች ዞር ብላ አየችኝ።

«በአማርኛ በለው» አለች። «እኔ እሰማለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ በአጥሩ ወዲያ የምትሉትን ሁሉ እሰማ ነበር።»